የሥራ አጥነት ምጣኔ ምንድን ነው?

አንድ ተንታኝ ሰሞኑን ስለ 2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ሲያስረዱ፣ የአሜሪካ የሥራ አጥነት ምጣኔ በጥቅምት 2009 ከነበረበት 10 ከመቶ በጥቅምት 2015 ወደ 5 ከመቶ መውረዱን ጠቅሰው፣ የሥራ ገበያው ከቀውሱ በፊት ወደነበረበት ተመልሷል ብለው ደመደሙ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ድምዳሜው ግን ከእነርሱ አይወጣም።

ምጣኔው፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው፣ የሥራ አጥ አበል ተቀባዮች ቆጠራ አይደለም፤ ሥራ አጦች ከሥራ ኃይሉ፣ ማለትም ከባለሥራዎችና ከሥራ አጦች ድምር፣ ያላቸው ድርሻ ነው። በየወሩ ወደ 60 ሺህ በሚጠጉ ቤተሰቦች ላይ ከሚደረግ ጥናት የሚገኝ ሲሆን፣ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ ሲፈልግ የቆየ ሰው ነው (ከሥራ ለጊዜው ተሰናብቶ ጥሪ የሚጠባበቅ ሰው ባይፈልግም ይቆጠራል)። ፍለጋውን ያቆመ ሰው ግን ከሥራ አጦችም ከሥራ ኃይሉም ይወጣል፤ ማንም ሳይቀጠር ምጣኔው ሊወርድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማታ የታክሲ ሰልፍ ሲያጥር ሁሉም ተሳፍሯል ማለት አይደለም። ከፊሉ ተስፋ ቆርጦ በእግሩ ሄዷል፣ ከፊሉ እስከ መንገዱ አጋማሽ ብቻ የሚወስደው አግኝቷል፣ ከፊሉም የሰልፉን ርዝመት ከሩቅ አይቶ ጭራሹኑ አልተሰለፈም። ተንታኙ የቆጠሩት ሰልፉ ላይ የቀሩትን ብቻ ነው።

በአሜሪካ በ2007 መጨረሻ 66 ከመቶ የነበረው የሥራ ኃይል ተሳትፎ (ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ በሥራ ኃይሉ ውስጥ ያለው ድርሻ) በ2015 መጸው ከ62.5 ከመቶ በታች ወርዶ ነበር። እርግጥ ይህ ቅናሽ ሁሉ የቀውሱ ውጤት አይደለም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ሰፊ ትውልድ ጡረታ መውጣት የጀመረው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ስለዚህ ጡረታ እምብዛም የማይነካቸውን፣ ከ25 እስከ 54 ዓመት ያሉትን ለይቶ ማየት ይሻላል፤ ከእነርሱ መካከል ሥራ የነበራቸው በ2007 መጨረሻ 80 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ምጣኔው 5 ከመቶ በደረሰበት ወር ግን 77 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚህ መለኪያ ገበያው ገና አላገገመም ነበር።

እስከ መንገዱ አጋማሽ የተሳፈሩትም አይዘንጉ። በጥናቱ ሳምንት አንድ ሰዓት በክፍያ የሠራ ሰው ባለሥራ ነው፤ አሠሪው በሳምንት ከ40 ሰዓት ወደ 15 የቀነሰበት አስተናጋጅ ምጣኔውን በፍጹም አይነካውም። ሙሉ ሰዓት መሥራት እየፈለጉ በከፊል ሰዓት ሥራ የተወሰኑ አሜሪካውያን በቀውሱ ጊዜ ከ4.6 ሚሊዮን ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ አሻቅበዋል።

ይህንኑ ምጣኔ ከኢትዮጵያ ጋር ለማነጻጸር የሚሞክሩም አሉ። በአገራችን የሥራ ኃይል ጥናቶች የተለመደው ግን ሥራ መፈለግን የግድ የማይጠይቅ የላላ ትርጓሜ በመሆኑ፣ ትርጓሜው ሳይስተካከል ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም።