አይ-58 እና ኢንዲያናፖሊስ፦ የሚወራው ሌላ፣ የሆነው ሌላ

የጃፓኗ ሰርጓጅ መርከብ አይ-58 ስሟ የሚነሳው በአንድ ሌሊት ሥራዋ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1945፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ የአሜሪካን የጦር መርከብ ኢንዲያናፖሊስን ፊሊፒንስ ባሕር ላይ አሰጠመች። ስለዚያ ሌሊት ግን ብዙ የተዛባ ወሬ አለ።

«አቶሚክ ቦምቡን እንደጫነች ተመታች»

ኢንዲያናፖሊስ የሂሮሺማውን ቦምብ ክፍሎች ቲኒያን ደሴት ላይ ያራገፈችው ጁላይ 26 ነው። ስትመታ ከጉዋም ወደ ፊሊፒንስ እየሄደች ነበር። የአይ-58 አዛዥ ሞቺፁራ ሃሺሞቶ ስለ ቦምቡ የሚያውቀው ነገር የለም።

«የመታት ካይተን ነው»

ካይተን ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳውና አብሮት የሚጠፋ ቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ነው። አይ-58 ካይተን ይዛ ነበር፤ ነጂዎቹም «እኛን ላከን» ብለው ወትውተዋል። ሃሺሞቶ ግን ስድስት መደበኛ ቶርፔዶ ተኮሰ። ሁለቱ አገኟት፤ በ12 ደቂቃ ሰጠመች።

«ካፒቴኑ በዚግዛግ ቢጓዝ ኖሮ ትተርፍ ነበር»

ሰው የጎዳው ይሄኛው ነው። የኢንዲያናፖሊስ ካፒቴን ቻርልስ ማክቬይ በዚህ፣ ማለትም ቶርፔዶ ለማምለጥ አቅጣጫ እየቀያየረ ባለመጓዙ ተከሶ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። የተሰጠው ትዕዛዝ እኮ «እንዳመቸህ ወስን» የሚል ነበር! ዲሴምበር 1945 ላይ ደግሞ ሃሺሞቶን ራሱን ዋሽንግተን ድረስ አምጥተው ምስክር አደረጉት። የትናንት ጠላት በገዛ መኮንናቸው ላይ እንዲመሰክር ማለት ነው። ያኔም ብዙ ሰው አስቆጥቷል።

ሃሺሞቶ ግን ዚግዛግ ለውጥ እንደማያመጣ ተናገረ። የዚያን ሌሊት ከውሃ በላይ ብቅ ሲል ጨረቃ ከደመና ወጣች። በብርሃኗ ራቅ ብሎ ጥቁር ነጥብ ታየው። ወዲያው ጠልቆ በፔሪስኮፕ እየተከታተለ እስክትቀርበው ጠበቀ። ቶርፔዶዎቹንም፣ አንዱ ቢስት ሌላው እንዲያገኛት፣ በታትኖ ነው የለቀቃቸው።

ይህን ሰምተውም ማክቬይን ጥፋተኛ አሉት። በ1968 ራሱን አጠፋ። ኮንግረስ ጥፋቱ የሱ አይደለም ያለው በ2000 ነው። ሃሺሞቶ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሸምግሎ እያለ፣ ለሴናተር ጆን ዋርነር ስለ ማክቬይ ደብዳቤ ጽፎ ነበር።

«አይ-58 በጦርነቱ ሰጥማ ቀረች»

የለም። ጦርነቱ ሲያልቅ እጇን ሰጠች። አሜሪካኖች ራሳቸው በ1946 ጎቶ ደሴቶች አጠገብ አሰጠሟት።

«መርከበኞቹን ሻርክ ጨረሳቸው»

ሻርክ ነበር፣ ሰውም በልቷል። አብዛኞቹን የገደለው ግን ቁስል፣ ጥም፣ ፀሐይና የጠጡት የባሕር ውሃ ነው። ወደ 1,200 ከሚጠጉት የኢንዲያናፖሊስ መርከበኞች 316 ብቻ ተረፉ። መርከቧ መጥፋቷን ልብ ያለ አልነበረም። አሜሪካኖች ሃሺሞቶ ለአለቆቹ በሬዲዮ የላከውን የድል መልእክት ጠልፈው ነበር፤ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በአራተኛው ቀን አንድ የቅኝት አውሮፕላን በአጋጣሚ አያቸው።