«የተነቀለ ጥርስ እንዴት ያማል?»፦ ስለ ጥርስ ቀዶ ሕክምና ሕመምና ስለ ስሜታችን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ታናሽ እህቴ የታች የጥበብ ጥርሷን (ከሁሉም በኋላ የሚበቅለውን የመጨረሻውን መንጋጋ) ካስነቀለች በኋላ ሁለት ቀን ደህና ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ማታ ግን ሕመሙ ከመንጋጋዋ ተነስቶ ጆሮዋ ድረስ ዘለቀ። በዚያው ሳምንት ከእጮኛዋ ጋር ተኳርፋ ስለነበር ቤቱ ሁሉ ፈረደባት፤ «ሆድ ብሷት ነው እንጂ ጥርሱማ ወጥቷል። የተነቀለ ጥርስ እንዴት ያማል?»

በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ጉድጓዱን በመብራት አየችው። መኖር የነበረበት የረጋ ደም የለም፤ አጥንቱ ተራቁቷል። አጠበችውና ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት መድኃኒት የተነከረ ቀጭን ጨርቅ ጠቀጠቀችበት። ከክሊኒኩ ሳንወጣ የእህቴ ፊት ተፈታ።

እንግዲህ ቤተሰቡ ተሳስቶ ነበር። ሙሉ በሙሉ ግን አልተሳሳተም። ይህችው ልጅ ከቀጠሮዋ በፊት እንቅልፍ አጥታ ሰንብታ፣ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማደንዘዣም ሁለት ጊዜ አስጨምራለች። ስሜትና ሕመም ይገናኛሉ። የምንስተው አገናኙን ነው።

«በስሜት የሚብስ ሕመም የእውነት ሕመም አይደለም»

እውነታው፦ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣውና በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ፣ ሕመም ደስ የማይል የአካልም የስሜትም ልምድ ነው። ሁለቱን አልነጣጠላቸውም።

ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳየው ሙከራ የተሠራው ደግሞ የጥበብ ጥርሳቸውን ባስነቀሉ ሰዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሌቪን፣ ጎርደንና ፊልድስ የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ለታካሚዎቻቸው ማስታገሻ ሊሆን እንደሚችል የተነገራቸውን፣ ነገር ግን ምንም መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ሰጧቸው። ከመካከላቸው ሕመሙ የቀለለላቸው ነበሩ። እስከዚህ ድረስ «አየህ፣ ነገሩ ሐሳብ ነው» የሚል አይጠፋም። ተመራማሪዎቹ ግን ቀጠሉና ናሎክሶን ሰጧቸው። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ቀልሎላቸው የነበሩት ሰዎች ሕመም እንደገና ጨመረ። ሞርፊን ያልወሰደ ሰው ላይ ናሎክሶን ምን አገደ? ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ማስታገሻ፣ ኢንዶርፊንን ነዋ! «አሁን ይሻለኛል» የሚለው ተስፋ ብቻውን አንጎልን መድኃኒት አስለቅቆት ነበር።

ፍርሃት በተቃራኒው ይሠራል። የፈራ ሰው ቀልቡ ከአፉ አይነሳም፣ መንጋጋውን ነክሶ ይይዛል፣ እንቅልፍ ያጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ ያንኑ ቁስል አጉልቶ ይሰማዋል። ስለዚህ «ሐሳብ ነው» የሚለው ቃል ያንን ሰው አያስተባብለውም። ሐሳቡም በሥጋው ውስጥ ነው የሚያልፈው።

«ጭንቀት ስለሆነ ይለቅሻል፣ ተኚ»

እውነታው፦ ከሁሉም አደገኛው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ከላይ ካለው ትክክለኛ ነገር ተነስቶ የሚመጣ ስለሆነ። ስሜት ሕመምን ያጎላል እንጂ ከጉድጓድ ውስጥ የረጋ ደም አያወጣም።

እህቴን የገጠማት ድራይ ሶኬት ይባላል። ጥርሱ የነበረበትን ጉድጓድ የሚሸፍነው የረጋ ደም ያለ ጊዜው ሲነሳ ወይም ሲሟሟ አጥንቱ ይራቆታል። በተራ የጥርስ ነቀላ ከ100 ሰው ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ በታች የጥበብ ጥርስ ላይ ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ሲጋራ ማጨስ ያጋልጣል። የወሊድ መከላከያ እንክብልም እንዲሁ።

መለያው አካሄዱ ነው። እብጠቱ እስከ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ሊጨምር ይችላል፣ ከዚያ ይጎድላል። ሕመሙ ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ መሄድ አለበት። ቀልሎ የነበረው ሕመም በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተመልሶ ከባሰ፣ ወደ ጆሮ ከዘለቀ፣ አፍ መጥፎ ጠረን ካመጣ፣ ልጅቷ ከማንም ጋር ትኳረፍ፣ ወደ ሐኪም ይመለሱ። ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ደግሞ ለነገ አይባልም።

«ወንድ ልጅ ጥርሱን ነክሶ ይችላል»

እውነታው፦ ያልተናገረ ሕመም ያልታመሙት ሕመም አይደለም። ደግሞም ከስሜት ውጪ ብዙ ነገር አለ፦ ጥርሱ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ነበር ወይ፣ አጥንት ተቦርቡሯል ወይ፣ ሥራው ስንት ሰዓት ፈጀ። የማይፈራውም ሰው መንጋጋው ሲቦረቦር ያብጣል።

«ምንም አትንገሯት፣ ትፈራለች»

እውነታው፦ «እንደ ትንኝ ንክሻ ናት» ብለን ወስደን ወንበሩ ላይ የምናስቀምጠው ሰው የመጀመሪያውን የመሰንጠቅ ድምፅ ሲሰማ እኛንም ሐኪሙንም ማመን ያቆማል። ማደንዘዣ ሕመምን ያጠፋል፤ ግፊትንና መነቅነቅን ግን አያጠፋም። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ሰው ግፊቱን ሁሉ ሕመም አድርጎ ይቆጥረዋል።

የእህቴ ሐኪም ያደረገችው ቀላል ነገር ነው። መርፌውን ከማንሳቷ በፊት፣ «ስገፋሽ ይሰማሻል፣ ሲሰነጠቅም ትሰሚያለሽ። ካመመሽ ግን ግራ እጅሽን አንሺ፣ ወዲያው አቆማለሁ» አለቻት። እህቴ እጇን አነሳች፤ ሐኪሟም በእርግጥ አቆመች። ከዚያ በኋላ ያ እጅ አልተነሳም። (ዩቲዩብ ላይ የቀዶ ጥገናውን ቪዲዮ ከፍቶ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ተዉት።)

«ማስታገሻ ሲብስ ነው የሚዋጠው»

እውነታው፦ በብዛት የሚሰጠው ማደንዘዣ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ከንፈርና ምላስ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። የታዘዘው ማስታገሻ መዋጥ ያለበት እሱ ሳይለቅ ነው። ሌሊት ላይ ሕመሙ አናት ከወጣ በኋላ ማባረር ከባድ ነው፤ እንቅልፉም ይሄዳል፣ ፍርሃቱም ይመለሳል፣ ስሜቱና ሕመሙ እየተቀባበሉ ያነጋሉ።

አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ተደርበው ሲወሰዱ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚሠሩት የተሻለ ይሠራሉ። ግን ጨጓራ ያለበት ሰው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ የሌለበት ማን ነው፣ ስለ አይቡፕሮፌንም ስለ ዲክሎፌናክም አስቀድሞ ይጠይቅ። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ እንጂ የሕመም ማስታገሻ አይደለም። አረቄ መጉመጥመጥማ ቁስሉን ከማቃጠል ሌላ ትርፍ የለውም፤ በመጀመሪያው ቀን በውሃም ቢሆን አጥብቆ መጉመጥመጥ የረጋውን ደም ያነሳል። የሚፋጀው ቡናም ቢያንስ ለዚያ ቀን ይቅር፣ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

«የድብርት መድኃኒት ለጥርስ ሐኪም ምን ያደርጋል?»

እውነታው፦ ብዙ ያደርጋል። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች ከአይቡፕሮፌን ጋር ሲገናኙ ጨጓራና አንጀት የመድማት ዕድል ይጨምራል። ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊንም አሚትሪፕቲሊን ከተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ጋር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቤተሰብ ፊት መናገር የሚከብደው ሰው የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ይስጥ።

«እኔ አይቼዋለሁ፣ መከራ ነው»

እውነታው፦ ጠያቂ ይመጣል፣ ብርቱካን ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ የእገሌን መንጋጋ ታሪክ ይጀምራል። የሚያወራውን አይዋሽም፣ ግን ትዝታው ራሱ አብጧል። እ.ኤ.አ. በ1985 ኬንት የተባለ ተመራማሪ የጥርስ ታካሚዎችን ከሕክምናው በፊት ምን ያህል ሕመም እንደሚጠብቁ፣ ከሕክምናው በኋላ ምን ያህል እንዳመማቸው፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ምን እንደሚያስታውሱ ጠየቃቸው። የሚፈሩት ሰዎች ትዝታ በእርግጥ ከተሰማቸው ሕመም ይልቅ አስቀድመው ከፈሩት ጋር ይቀራረብ ነበር። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘውት የሚሄዱትም ይህንኑ ነው።

እህቴ ከእጮኛዋ ጋር ታርቃለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን ጥርሷን ልታስነቅል ነው ሲባል ሰምታ፣ «እኔ እኮ ሰባት ቀን ሙሉ ዓይኔን አልከደንኩም» ስትላት ደረስኩ። አጠገቧ ነበርኩ፤ አንድ ሌሊት ነው።