ስቶንከት ምንድን ነው?

ስቶንከት ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የሚታተም ሥዕል ነው። ካናዳ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ቀድማ የምትታወሰው ኪንጋይት ናት። በሩቅ ሰሜን፣ በባፊን ደሴት ደቡብ ምዕራብ ጫፍ አካባቢ ያለች ትንሽ የኢኑይት (የሰሜን ዋልታ አካባቢ ነባር ሕዝብ) መንደር ስትሆን እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) በይፋ የምትጠራው ኬፕ ዶርሴት ተብላ ነበር። እዚያ ዛፍ አይበቅልም። ድንጋይ ግን ሞልቷል፤ ሰዉም መቅረጽ ያውቅበታል።

አጀማመሩ ደስ ይላል። በ1957 ገደማ ጄምስ ሂውስተን የሚባል ካናዳዊ ሠዓሊ ለመንግሥት እየሠራ እዚያ ይኖር ነበር። ኦሱይቶክ ኢፒሊ የተባለ ስመ ጥር ቀራጺ ሁለት የሲጋራ ፓኮዎች ያገላብጣል። ሁለቱም ላይ ያው አንድ መርከበኛ ነው ያለው። ይህን ሁሉ ጭንቅላት አንድ በአንድ የሚስለው ሰው አይሰለቸውም ወይ ብሎ ጠየቀ። በአፍ ማስረዳት ያቃተው ሂውስተን ኦሱይቶክ የቀረጸውን የዋልረስ (የባሕር እንስሳ) ጥርስ አነሳ፤ ቀለም ቀባውና የሽንት ቤት ሶፍት ለጠፈበት። ሶፍቱ ሲላጥ ምስሉ ቁጭ አለ። ኦሱይቶክም ይሄንንማ እኛም እንችላለን አለ። ታሪኩን የነገረን ሂውስተን ስለሆነ ትንሽ ቅመም ቢጨመርበት አይገርመኝም።

ሂውስተን ከዚያ ጃፓን ሄዶ ከኡኒቺ ሂራትሱካ የእንጨት ህትመት ተማረ። የሚገርመው፣ ሂራትሱካ ከንድፉ እስከ ህትመቱ ሁሉንም በራሱ እጅ የሚሠራ ሰው ነበር። ኪንጋይት ግን የያዘችው የጥንቱን የጃፓን ወርክሾፖች መንገድ ነው፦ አንዱ ይስላል፣ ሌላው ይቀርጻል፣ ያትማል።

ሠዓሊዋ ወረቀት ላይ ትስላለች፤ ሥዕሉን የመንደሩ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይገዛታል። ቀራጩ መስመሩን ወደ ለሰለሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስተላልፋል። ቀለም የማይነካውን ቦታ ሁሉ እየፈለፈለ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቀለም የሚይዘው ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል። በሮለር ይቀባል፣ ስስ የጃፓን ወረቀት ይነጠፍበታል፣ ከላይ በእጅ ይታሻል፣ ቀስ ተብሎ ይላጣል። አንዱ ወጣ። ለሁለተኛው ደግሞ ቀለም መቀባቱ ከሀ ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ 50 ከታተመ በኋላ ይቆማል፤ ዳግም እንዳይታተምም ምስሉ ከድንጋዩ ላይ ይፋቃል።

ታዲያ ይሄ ኮፒ ነው? አይደለም። የተጠናቀቀው ሥራ ህትመቱ ራሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠዓሊዎቹ የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ንድፍ ስለነበር ቀለሙን የሚመርጡት ወርክሾፑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ነበሩ። ግድግዳ ላይ የሚነበበው ግን የሠዓሊው ስም ነው፤ ቀራጩን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። እኔን ይሄ ትንሽ ይከነክነኛል።

ከሁሉም የታወቀው የኪንጋይቷ ሠዓሊ የኬኖጁዋክ አሼቫክ የ1960 ሥራ ነው፤ ላባዋን እንደ ጨረር የበተነች አስማተኛ ጉጉት። ከ50ዎቹ ግማሾቹ ጅራታቸው ቀይ ነው፣ ግማሾቹ አረንጓዴ። በ1970 ቀይዋ የ6 ሳንቲም ቴምብር ላይ ወጣች። በ2018 ደግሞ አንዷ ህትመት በጨረታ 216,000 የካናዳ ዶላር ተሸጠች።

እንዲህ ያለ ህትመት ካጋጠማችሁ ታችኛውን ጠርዝ እዩት። እንደ 12/50 ያለ ቁጥር ካለ ከ50ው አሥራ ሁለተኛው ነው ማለት ነው። ትንሿ ቀይ ኢግሉ (የበረዶ ጎጆ) የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ምልክት ናት። የሠዓሊው ስም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ኢኑይቶች በሚጽፉበት ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ከግዕዝ ወደ ካዕብ ሲሄድ እጅ እግሩን እንደሚቀይር፣ የእነሱ ደግሞ ዞሮ ሌላ ድምፅ ይሆናል።

ከ1959 ጀምሮ ኪንጋይት በየዓመቱ አዲስ ስብስብ ታወጣለች። ሠዓሊዎቹ የሳሉባቸው ወረቀቶች ትልቁ ክምችት ያለው ግን ደቡብ፣ ኦንታሪዮ ክላይንበርግ ውስጥ ነው። ማክማይክል የሚባለው ሙዚየም ሮበርትና ሲግኒ ማክማይክል የተባሉ ባልና ሚስት በሰበሰቡት ሥራ የተቋቋመ ነው፤ የታወቀውም በ1920 ቶሮንቶ ላይ በተመሠረተው የ«ሰባቱ ቡድን» ሠዓሊዎች የተፈጥሮ ሥዕሎች ነው። ከእነዚያ ተራራና ጥዶች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ከ100,000 በላይ የኪንጋይት ሥዕሎች በአደራ ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ድንጋይ ላይ ወጥተው አያውቁም።