የፊልም ወዳጆች መደርደሪያ፦ አርት ሀውስ ሲኒማ ከክለብ እስከ ዲስክ

ሲኒፊል የሚባለው ፊልም አይቶ የማይጠግብ ሰው ነው። ያየውን ደግሞ ያያል። ከዚያም የትኛው ቅጂ እንደሚሻል ሲከራከር ሊያመሽ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚከራከረው አርት ሀውስ ስለሚባለው ሲኒማ ነው፤ ከገበያው ይልቅ የዳይሬክተሩን ዓይን ስለሚያስቀድመው። ድንበሩ ቁርጥ ያለ አይደለም። አንዱ «ጥልቅ» ያለውን ሌላው «እንቅልፍ የሚያመጣ» ይለዋል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው እነዚህ ሰዎች ፊልሞቹን ከየት አግኝተው እንደሚያዩ ላይ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክለቦችና ቤተ መዛግብት

ነገሩ መልክ የያዘው በ1920ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ነው። የሲኔ ክለብን (የፊልም ወዳጆች ክለብን) ሐሳብ ማን አመጣው ሲባል አንዳንዱ ሪቾቶ ካኑዶን፣ አንዳንዱ ሉዊ ዴሉክን ይጠራል። ለንደን በ1925 የራሷን የፊልም ማኅበር አቋቋመች። ክለቦቹ የንግድ ሲኒማ ቤቶች የማያሳዩትን፣ አልፎ አልፎም ሳንሱር የከለከለውን ፊልም ለአባላት ያሳዩ ነበር።

በ1936 ሄንሪ ላንግሉዋ ከጆርጅ ፍራንዡ ጋር ሆኖ የፈረንሳዩን የፊልም መዝገብ ቤት፣ ሲኔማቴክ ፍራንሴዝን መሠረተ። የላንግሉዋ እምነት ቀላል ነበር፦ ምንም ፊልም አይጣልም። መጥፎውም ቢሆን ይቀመጥ፤ ፍርዱን መጪው ትውልድ ይስጥ። በፌብሩዋሪ 1968 መንግሥት ከኃላፊነቱ ሲያነሳው ትሩፎና ጎዳርን የመሳሰሉ ዳይሬክተሮች አደባባይ ወጡ። ከውጭም ያሉ የፊልም ሰዎች ሥራዎቻችን እዚያ እንዳይታዩ አሉ። በኤፕሪል ወደ ቦታው ተመለሰ። ለአንድ የፊልም መዝገብ ቤት ኃላፊ ተብሎ ሰልፍ መውጣት ዛሬም የሚገርም ነገር ነው።

ፌስቲቫሎች

ቬኒስ በ1932 ጀመረ። ካን በ1939 ሊከፈት ተዘጋጅቶ ጦርነቱ አስቀረውና በ1946 ተከፈተ። በርሊን በ1951 ተከተለ። በዚያው በ1951 የኩሮሳዋ «ራሾሞን» ቬኒስ ላይ ዋናውን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ ሲወስድ የምዕራቡ ተመልካች የጃፓንን ሲኒማ በቅጡ ማየት ጀመረ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ከዚያው ከቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ይዞ መመለሱም ሳይጠቀስ አይታለፍም።

ፊልሙ ቤት ሲገባ

የቪዲዮ ካሴት ውለታው ብዙ ነው፤ ግን ሰፊውን ፊልም ከቴሌቪዥኑ ጋር ለማስማማት ዳርና ዳሩን ይቆርጠው ነበር። ጉዳዩን የቀየረው ሌዘር ዲስክ ነው። በ1978 ገበያ ላይ ዋለ። መጠኑ የሸክላ ዘፈን ያህላል፣ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ስለዚህ የገዛው ሕዝቡ ሳይሆን ፊልም ወዳዱ ነው።

በ1984 ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ሥራውን በ«ሲቲዝን ኬን» እና በ«ኪንግ ኮንግ» ጀመረ። ሌዘር ዲስክ ከአንድ በላይ የድምፅ መስመር መያዝ ይችላል። አንዱ ትርፍ ሆኖ ሲገኝ የፊልም ታሪክ አዋቂው ሮናልድ ሄቨር በ«ኪንግ ኮንግ» ላይ ከምስሉ ጋር እኩል እየሄደ እንዲያወራ ተደረገ። ዛሬ ኮሜንተሪ የምንለው ነገር የመጀመሪያው ይህ እንደሆነ አብዛኞቹ ይስማማሉ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ ትምህርት ቤት ነበር። ማጋነን አይደለም።

ዲቪዲ ከመጣ በኋላ ክራይቴሪየን ከ1998 ጀምሮ ዲቪዲዎቹን በሽፋናቸው ጠርዝ ላይ ቁጥር እየሰጠ ማውጣት ያዘ። ቁጥሩ ሰብሳቢን የሚያሳብድ ነገር ነው፤ መሐል ላይ አንዱ ከጎደለ መደርደሪያው ጥርሱ የወለቀ ይመስላል። ቁጥር 1 የተሰጠው ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለዣን ሬኑዋር የ1937 ፊልም፣ ለ«ታላቁ ቅዠት» ነው። ግን ቁጥር 1 ቀድሞ አልወጣም። ዝግጅቱ መሐል ላይ የተሻለ ምንጭ በመገኘቱ ወደ 1999 ተገፋ።

የዚያ ምንጭ ታሪክ ራሱ ፊልም ይወጣዋል። የፊልሙ ዋና ኔጌቲቭ፣ ማለትም ቅጂዎቹ ሁሉ የሚታተሙበት የመጀመሪያው የፊልም ጥቅል፣ በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ወድሟል ተብሎ ተስፋ ተቆርጦበት ነበር። ለካስ ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ ወደ በርሊን ወስደውታል። በርሊን ስትወድቅ ደግሞ ሶቪየቶች ወደ ሞስኮ አሻገሩት። በ1960ዎቹ በመዛግብት ልውውጥ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ቱሉዝ ተመለሰ። ምን እንደተመለሰ ግን ማንም ልብ አላለም። ሬኑዋር ራሱ በ1950ዎቹ መጨረሻ ፊልሙን መልሶ ያሳየው ከሌላ ቅጂ ጠግኖ ነው። ጣሳዎቹ ተከፍተው ዋናው ኔጌቲቭ መሆኑ የታወቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሬኑዋር በ1979 አርፏል፤ ሳያየው ቀረ።

በብሪታንያ «ማስተርስ ኦፍ ሲኒማ» የተባለው የዲስክ ተከታታይ ከ2004 ወዲህ፣ የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩትም በራሱ ስም ጥሩ ጥሩ እትሞች ያወጣሉ። ክራይቴሪየን በእርግጥ ቀዳሚው ነው፤ ሁልጊዜ የተሻለው ነው ወይ ከተባለ ግን ይህ ሌላ ጠብ ነው።

ሰብሳቢውን የሚያስመርሩ ነገሮች

አንደኛው የቀጠና ኮድ ነው። ዲቪዲ ዓለምን በስድስት ቀጠና፣ ብሉ ሬይ ደግሞ ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ በሦስት ከፈለ። ከሌላ ቀጠና ያመጣኸው ዲስክ ማጫወቻህ ላይ እምቢ ይላል። በ2016 የመጣው የ4ኬ ዲስክ ይህን ጣጣ ተወው፤ እሰየው።

ሁለተኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፣ የአውሮፓው የፓል ቴሌቪዥን ግን በ25። ብዙ የፓል ዲቪዲዎች ስለዚህ 4 በመቶ ያህል ይፈጥናሉ። የሁለት ሰዓት ፊልም አምስት ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ያልቃል፤ የተዋናዩም ድምፅ ቀጠን ይላል።

ትልቁ ክርክር የፊልም ግሬይን ነው። ግሬይን በምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ደቃቅ ነጥብ ነው። ቆሻሻ የመሰለው አሳታሚ በሶፍትዌር ሲያጸዳው የተዋናዩ ፊት ሰም ይሆናል። ግሬይኑ ምስሉ ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ለሁለት ወገን የሚሆን ነገር የለም። የታደሱ አሮጌ ፊልሞች ቀለም ግን በእርግጥ ያሻማል። አንዳንዱ ሥራ ወደ ቢጫ ያደላል፤ የመጀመሪያው ቅጂ እንዲያ ነበር የሚሉም አሉ፣ የላቦራቶሪው ልማድ ነው የሚሉም አሉ።

ዲስክ ወይስ ኢንተርኔት

ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳየው ሙቢ በ2007 ተመሠረተ። የእሱ ዓይነቱ ፊልምስትራክ በኖቬምበር 2016 ተከፈተ፤ በኖቬምበር 2018 ተዘጋ። ክራይቴሪየን በኤፕሪል 2019 የራሱን የኢንተርኔት ቻናል ጀመረ። ኢንተርኔት ላይ ውል ሲያልቅ ፊልሙ በአንድ ሌሊት ይነሳል። ዲስኩ ግን መደርደሪያው ላይ ነው፤ ማንም መጥቶ አያነሳውም።

ዲስክም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ሌዘር ዲስክ በሙጫ የተጣበቁ ሁለት ንጣፎች አሉት። ሙጫው ሲላቀቅ አየር ይገባል፣ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይበላሻል፤ ምስሉም በነጠብጣብ ይሞላል። ሰብሳቢዎች ይህን «የሌዘር ብስባሴ» ይሉታል። አሮጌ ዲስክ የሚገዛ ሰው ሽፋኑን አድንቆ ብቻ ገንዘብ አይከፍልም፤ መጀመሪያ ያጫውተዋል።