አስመሳይ ቅሪተ አካል ምንድን ነው?

ቅሪተ አካል ፍለጋን በትርፍ ጊዜው የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይዟቸው ከሚመለሰው ድንጋዮች ብዙዎቹ ቅሪተ አካል አይደሉም። አጥንት ነው ብሎ ያነሳው ባልጩት (በእንግሊዝኛ ፍሊንት) ሆኖ ይገኛል። እንቁላል የመሰለው በማዕድን ተጣብቆ የጠጠረ ደለል ነው፤ የቅጠል አሻራ የመሰለው ደግሞ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ያደገ የማንጋኒዝ ማዕድን። እንዲህ ያሉት አስመሳይ ቅሪተ አካል ይባላሉ፦ ሕይወት ያለው ነገር ሳይገባባቸው፣ በኬሚካላዊና በአካላዊ ሂደት ብቻ ተፈጥረው የእንስሳ ወይም የዕፅዋት አካል የሚመስሉ ቅርጾች ናቸው።

ጉዳዩን የጀማሪ ስሕተት ብቻ አድርጎ ማለፍ አይገባም። በእኔ እምነት የሚያውቅ ፈላጊ ድንጋይ ከሚያከማች ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የአሞናይትን (ጥምዝ ዛጎል የነበረው የጥንት የባሕር እንስሳ) ወይም የሻርክ ጥርስን ስም ለመማር ጥሩ ሥዕሎች ያሉት መጽሐፍ ይበቃል። የያዙት ነገር ከመጀመሪያውም የሕያው አካል አለመሆኑን ለማወቅ ግን ዐለቱ እንዴት እንደተፈጠረ መረዳት ያስፈልጋል።

ከሌሎች ሁለት ነገሮች ጋር እንዳይምታታ ቶሎ ልለይ። አንደኛው የሰው እጅ ሥራ ነው። በ1725 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን ውስጥ በቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ለነበረው ለዮሐን ቤሪንገር የእንሽላሊት፣ የእንቁራሪት፣ የኮከብ፣ አልፎም የዕብራይስጥ ፊደላት ቅርጽ ያለባቸው ድንጋዮች መጡለት። በዓመቱ መጽሐፍ አሳተመባቸው። ድንጋዮቹ ግን ባልደረቦቹ ሆን ብለው ያስቀረጿቸው ነበሩ። ይህ ማጭበርበር ነው፤ በአስመሳይ ቅሪተ አካል ውስጥ ግን አታላይ የለም። ሁለተኛው የዱካ ቅሪተ አካል ነው። የእግር ኮቴ፣ ትል የቆፈረው ቀዳዳ ወይም የጠጠረ ኩስ የአካል ክፍል ባይሆንም ሕያው ፍጡር የተወው ምልክት ስለሆነ እውነተኛ ቅሪተ አካል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አስመሳይ፣ በጥቁር ወይም በቡናማ ቀለም ድንጋይ ላይ የተሣለ የሚመስለው ቅርንጫፋም ቅርጽ፣ ማለትም ዴንድራይት ነው። ማንጋኒዝና ብረት የሟሟበት ውሃ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሲሰርግ ማዕድኑ ከውሃው ይለያል። አዲስ ውሃ ቀድሞ የሚያገኘው የጫፉ ክፍል ስለሆነ ጫፉ ከሌላው ይፈጥናል፤ ጫፉ ይከፈላል፤ የተከፈለው እንደገና ይከፈላል። ፈርን የምትባለውን ተክል ቁርጥ የሚመስል ነገር የሚወጣው ከዚህ ነው። አርኪዮፕተሪክስ የተባለችው ባለ ላባ ፍጡር በ1861 የታወቀችበት የጀርመኑ የዞልንሆፈን የኖራ ድንጋይ እንኳ በእነዚህ የተሞላ ነው፤ እውነተኛውና አስመሳዩ በአንድ ቦታ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

መለያው አያስቸግርም፤ ነገር ግን ከርቀት ሳይሆን ቀርቦ ማየት ይፈልጋል። የእውነተኛ ቅጠል ቅሪት መሐል አውታር አለው፤ ከእርሱ የሚወጡ ጅማቶች አሉት፤ የጎን ቅጠሎቹ በሥርዓት የተሰለፉ ናቸው፤ ጠርዙ የት እንደሚያበቃ ያስታውቃል። ዴንድራይት ይህ ሁሉ የለውም። ቅርንጫፎቹ ወደ ጫፍ ሲሄዱ ይበዛሉ እንጂ ቅጠል አያወጡም። ብዙ ጊዜም ከድንጋዩ ስንጥቅ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሲያድግ ይታያል። ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ግን አቀማመጡ ነው። ቅጠል ከውሃ በታች ባለ ጭቃ ላይ ተኝቶ ስለሚቀበር ከዐለቱ ንጣፍ ጋር አግድም ይቀመጣል። ቅርንጫፋሙ ቅርጽ ንጣፎቹን አቋርጦ በሚወርድ ስንጥቅ ላይ ከተገኘ ተክል ሊሆን አይችልም፤ ስንጥቁ የተፈጠረው ደለሉ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ድቡልቡሉ ድንጋይ ነው። በደለል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ውሃ ካልሳይት፣ ሲሊካ ወይም የብረት ማዕድን ይዞ ሲያልፍ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ማዕድኑ የደለሉን ቅንጣቶች ያጣብቃል። ያ ቦታ ከዙሪያው ቀድሞ ይጠነክራል፤ ለስላሳው ዐለት ሲሸረሸር ጠንካራው ይቀራል። ኮንክሪሽን ይባላል። መጠኑ ከአተር ፍሬ ይጀምራል፤ በኒውዚላንድ ሞኤራኪ ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉት ግን እስከ 2 ሜትር ስፋት አላቸው። ውስጡ ተሰንጥቆ ስንጥቁ በካልሳይት ሲሞላ ደግሞ የኤሊ ጀርባ የሚመስል መረብ ይሠራል፤ ብዙ "የኤሊ ቅሪቶች" ከዚህ የተለዩ አይደሉም።

"የዳይኖሰር እንቁላል አገኘሁ" የሚል ሰው ባብዛኛው የሚያሳየው ኮንክሪሽን ነው። እውነተኛ የእንቁላል ቅሪት ቅርፊት አለው። ቅርፊቱ ቀጭን ነው፤ ከውስጡ ደለል የተለየ ቁስ ነው፤ በማጉያ ሲታይ የገጽ ንድፍና የአየር ቀዳዳዎች ይታዩበታል፤ በጎን ሲታይም ቀጥ ብለው የቆሙ ክሪስታሎች አሉት። በመሬት ክብደት የተጨፈለቀና የተሰነጣጠቀ መሆኑም የተለመደ ነው። ስለዚህ እንከን የሌለው ለስላሳ ሞላላ ድንጋይ ሲገኝ ደስታውን ትንሽ ማዘግየት ይሻላል። እንከን የለሽነቱ ራሱ ለጥርጣሬ ምክንያት ነው።

ይሁንና ኮንክሪሽን ሁሉ የሚጣል አይደለም። ማዕድኑ መጣበቅ የሚጀምርበት ቦታ ብዙ ጊዜ የበሰበሰ አካል ያለበት ነው፤ ብስባሹ በዙሪያው ያለውን ውሃ ኬሚስትሪ ይለውጣልና። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሜዞን ክሪክ በሚባለው ስፍራ ያሉ የብረት ማዕድን ኮንክሪሽኖች ሲከፈሉ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ፈርኖች፣ ሽሪምፖችና ለስላሳ አካል ያላቸው እንስሳት ይወጡባቸዋል። ፍራንሲስ ተሊ የተባለ የትርፍ ጊዜ ፈላጊ ያገኘው እንግዳ ፍጡር የመጣው ከዚሁ ስፍራ ነው፤ በ1966 በስሙ ተሊሞንስትረም ተብሎ ተሰየመ፤ የጀርባ አጥንት ያለው እንስሳ ይሁን አይሁን ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። እንግዲህ ውጫዊው ቅርጽ እንቁላል መምሰሉ ምንም አይነግረንም፤ ውስጡ ግን ብዙ ሊነግረን ይችላል።

ባልጩት ሌላው ፈታኝ ነው። በእንግሊዝና በሰሜን ፈረንሳይ የነጭ ኖራ ገደሎች ሥር ጣት፣ ክርን፣ የጉልበት አጥንት የሚመስል ባልጩት እንደ ልብ ይገኛል። ባልጩት የተሠራበት ሲሊካ የመጣው ባብዛኛው ከባሕር ሰፍነጎች አካል ነው፤ በኋላ ሟሙቶ በኖራው ውስጥ እንደገና ረግቷል። ከረጋባቸው ቦታዎች አንዱ ሽሪምፕ መሰል እንስሳት በባሕር ወለል የቆፈሯቸው መተላለፊያዎች ናቸው። ስለዚህ "አጥንቱ" አጥንት ባይሆንም የጥንት ጉድጓድ ቅርጽ ይዞ ሊሆን ይችላል። አስመሳይና እውነተኛ የሚለው ድንበር እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ስስ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደውም ይህን ቦታ ነው።

አጥንትን ለማረጋገጥ የተሰበረውን ጎን 10 ጊዜ በሚያጎላ የእጅ ማጉያ ማየት ይገባል። አጥንት ውጪው ጥቅጥቅ ያለ፣ ውስጡ በትናንሽ ክፍተቶች የተሞላ ነው፤ ክፍተቶቹ በማዕድን ቢሞሉም ንድፉ ይቀራል። ባልጩት ግን ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ለስላሳና ጎድጎድ ያለ ገጽ ይሰጣል። ድንጋዩን በምላስ ነክቶ ከተጣበቀ አጥንት ነው የሚል የቆየ ዘዴ አለ። ቀዳዳማ ነገር ርጥበት ስለሚስብ መጣበቁ እውነት ነው፤ ሸክላማ ድንጋይም ግን ይጣበቃል። ከንጽሕናው ጉድለት ጋር ተደምሮ የምመክረው ዘዴ አይደለም።

ኢሊኖይን ካነሣን፣ በዚያ ባሉ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ሼል (ከጭቃ የተሠራ፣ በስሱ የሚነጠል ዐለት) ውስጥ ከመሐል ወደ ዳር በጨረር የተዘረጉ ጠፍጣፋ የፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ክቦች ይገኛሉ። ጠፍጣፋውን የባሕር ጃርት ይመስላሉ፤ ነገር ግን በሼሉ ንጣፎች መካከል ወደ ላይና ወደ ታች ማደግ ያቃተው ክሪስታል ናቸው። የባሕር ጃርት ቅሪት በአምስት የተከፈለ ሥርዓት አለው፤ ፓይራይቱ የሚቆጠር ሥርዓት የለውም።

የዚህ ሁሉ ሥር ዓይናችን ነው። አእምሯችን ከደመና ፊት፣ ከግድግዳ እድፍ እንስሳ የሚያወጣ ነው፤ አንድ ጊዜ "ጥፍር" ብሎ ከሰየመ በኋላ የማይስማማውን ክፍል ማየት ይተዋል። ስለዚህ ስለ አንድ ግኝት ከውጫዊ ቅርጹ ይልቅ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይጠቅማል። የእድገት ምልክት አለው ወይ? ዛጎል በየጊዜው የጨመረው መስመር፣ እንጨት ክበቦች፣ አሞናይት በክፍሎቹ መካከል የተወሳሰበ የግድግዳ መስመር አለው። ሥርዓቱ ከአንድ የታወቀ የፍጡራን ወገን ጋር ይስማማል ወይ? ትራይሎባይት የተባለው የጠፋ የባሕር እንስሳ በርዝመቱ በሦስት ይከፈላል፤ ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል ያላቸው ክላሞች ግራና ቀኝ ክፋያቸው እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ ክላም በሚመስለው ብራኪዮፖድ በተባለ የባሕር እንስሳ ግን እያንዳንዱ ክፋይ ራሱ በመሐሉ ቢከፈል ሁለት እኩል ጎን ይወጣዋል። ሦስተኛው ጥያቄ፣ ዐለቱ ራሱ ይህን ሊይዝ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ግራናይት ከቀለጠ ዐለት ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ነው፤ በውስጡ ዛጎል አይፈለግም። ዳይኖሰሮች ከመምጣታቸው በፊት በረጋ የባሕር ደለል ውስጥም የዳይኖሰር አጥንት አይኖርም። የአካባቢው የሥነ ምድር ካርታ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ባለሙያዎችም በዚህ ተፈትነዋል። በ1865 የካናዳው ሊቅ ጆን ዊሊያም ዶሰን ከእጅግ ጥንታዊ እብነ በረድ የተገኙ የካልሳይትና የሰርፐንቲን ማዕድናት ድርድሮችን ኢኦዙን ካናደንሴ ብሎ በእንስሳነት ሰየማቸው። በ1894 ተመሳሳይ ድርድር በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሙቀት በተለወጡ የኖራ ድንጋዮች ውስጥ ተገኘ፤ ሙቀት ብቻውን ሊሠራው እንደሚችል ታወቀ። ዶሰን ግን በ1899 እስኪሞት ከአቋሙ አልወረደም።

የቅርቡ ምሳሌ ደግሞ እንደገና መርምሮ ማስተካከል እንዴት እንደሚቻል ያሳያል። በ2021 ተመራማሪዎች በሕንድ ቢምቤትካ ዋሻ ጣሪያ ላይ ከ550 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የነበረችውን ለስላሳ አካል ያላትን እንስሳ፣ ዲኪንሶኒያን፣ አገኘን ብለው አሳተሙ። ሞላላ፣ የተሸነሸነ ቅርጽ ነበር፤ በፎቶግራፍ ሲታይ አሳማኝ። በኋላ ሌላ ቡድን ቦታው ድረስ ሄዶ ሲያየው ከዐለቱ እየተላጠ፣ እየበሰበሰ አገኘው። የግዙፍ ንብ ቀፎ ርዝራዥ ነበር፤ በዙሪያው ሌሎች ቀፎዎች ነበሩ። በ2023 ማስተካከያው ሲታተም የመጀመሪያው ጥናት መሪ ስሕተቱን ተቀበለ። ይህኛው ሕያዋን የሠሩት ነገር ስለሆነ በጥብቅ ትርጉሙ አስመሳይ ቅሪተ አካል አይባል ይሆናል፤ ያሳሳተው ነገር ግን ያው ነው፣ ከውጫዊ ቅርጽ መጀመር።

ስሕተቱ በተቃራኒውም ይሄዳል። በአውሮፓ ለዘመናት "የምላስ ድንጋይ" ይባል የነበረው የሻርክ ጥርስ መሆኑን የዴንማርኩ ሊቅ ኒኮላስ ስቴኖ በ1667 ያሳየው የአንድ ትልቅ ሻርክ ራስ ከመረመረ በኋላ ነው። የእንግሊዟ ቅሪተ አካል ፈላጊ ሜሪ አኒንግም በኢክቲዮሶር (የጥንት የባሕር ተሳቢ እንስሳ) ቅሪቶች ሆድ አካባቢ የሚገኙትን ተራ የሚመስሉ ድቡልቡል ድንጋዮች ሰብራ የዓሣ አጥንትና ቅርፊት አየችባቸው፤ የሥነ ምድር ሊቁ ዊሊያም በክላንድ በ1829 የጠጠረ ኩስ መሆናቸውን በጥናት ያቀረበው በዚሁ መነሻ ነው። ስለዚህ መጠርጠር ሲባል ሁሉን መጣል ማለት አይደለም። የሚጠራጠሩት ነገር ቢኖር መርምረው ይወስኑ።

ግኝትን ለሚያውቅ ሰው ለማሳየት ሲታሰብ ድንጋዩን ሳይፍቁና ሳይሰብሩ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው፣ በጎን በኩል በሚመጣ ብርሃን ከብዙ አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ። የተሰበረ ጎን ካለው ቀርበው ያንሱት፤ አብዛኛው መልስ እዚያ ነው። የተገኘበትን ቦታና ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ይጻፉ፤ ከገደል ሥር የተነሣና ከገደሉ ግድግዳ የወጣ እኩል ማስረጃ አይደሉም። ሕጉም ከአገር አገር ስለሚለያይ ከማንሣት በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ቅሪት በብዙ ቦታ ጥብቅ ደንብ አለበት።

መልሱ "ኮንክሪሽን ነው" ሆኖ ሲመጣ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ጥሩ መላሽ ምክንያቱን በድንጋዩ ላይ ጠቁሞ ያሳያል። ያንን ድንጋይም አይጣሉት። ስሙን፣ ምን መስሎ እንደነበርና ምን እንዳጋለጠው በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከእውነተኞቹ አጠገብ ያስቀምጡት፤ ቀጣዩን እጅዎ ላይ ሲያገኙ ማወዳደሪያ የሚሆንዎት እርሱ ነው።