በፉትቦል ማኔጀር «ፖቴንሻል» ምንድን ነው?

የእግር ኳስ ክለብን በአሰልጣኝነት የምትመሩበት የኮምፒውተር ጌም፣ ፉትቦል ማኔጀር፣ ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ከ1 እስከ 200 የሚለኩ ሁለት የተደበቁ ቁጥሮች አሉት። አንዱ አሁን ያለበት የችሎታ ደረጃ ነው። ሌላው፣ ፖቴንሻል የሚባለው፣ በጨዋታ ዘመኑ ሁሉ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ጣሪያ መሆኑ ይሰመርበት፤ 170 ፖቴንሻል ያለው ታዳጊ 120 ላይ ቀርቶ ጫማውን ሊሰቅል ይችላል። እንዲህ ቀልጠው የሚቀሩት ደግሞ ጥቂት አይደሉም።

ስክሪኑ ላይ የምታዩዋቸው ኮከቦች ይህ ቁጥር ራሱ አይደሉም። የመልማዮቻችሁና የአሰልጣኞቻችሁ ግምት ናቸው፤ ግምቱም ከራሳችሁ ቡድን ደረጃ ጋር እየተነጻጸረ የሚሰጥ ነው። በሦስተኛ ዲቪዚዮን አራት ኮከብ ያለው ልጅ ትልቅ ክለብ ሲገባ ሁለት ሊሆን ይችላል። ቡድናችሁ ሲጠናከር የልጁ ኮከብ የሚቀንሰውም እሱ ስለወረደ ሳይሆን መለኪያው ከፍ ስላለ ነው። ይህን ሳያስተውሉ ጥሩ ታዳጊ በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ናቸው። የልጁን እድገት ለመከታተል ኮከቡን ተዉትና ከ1 እስከ 20 የሚሰጡትን የክህሎት ነጥቦች በየሁለት ሦስት ወሩ እዩ።

በጓደኛችሁ ሴቭ (እሱ በጀመረው ጌም) ላይ ዓለምን ጉድ ያሰኘው ልጅ እናንተ ጋር ተራ ሊሆን የሚችልበትም ምክንያት አለ። ለብዙ ታዳጊዎች ዳታቤዙ (የጌሙ የተጫዋቾች መረጃ) ለፖቴንሻል የሚሰጣቸው ቋሚ ቁጥር ሳይሆን ክልል ነው። -9 የተጻፈለት ልጅ አዲስ ጌም በተጀመረ ቁጥር ከ150 እስከ 180 ካሉት አንዱ ይደርሰዋል፤ -10 ከሆነ ከ170 እስከ 200።

ወደ ጣሪያው የሚያደርሰው ትልቁ ነገር ጠባይ ነው። ከጠባይም ዋናው ፕሮፌሽናሊዝም፣ ማለትም ለሥራው ያለው ትጋት ነው፤ የተደበቀ ነጥብ ስለሆነ የምታውቁት ፕሮፋይሉ ላይ ከተጻፈው የጠባይ መግለጫ ነው። «ሞዴል ፕሮፌሽናል»፣ «ፕሮፌሽናል» ወይም «ሪዞሉት» (ጽኑ) የሚል ካያችሁ ልጁን ያዙት። «ካዡዋል» (ግዴለሽ) ወይም «ስላክ» (ዝርክርክ) ከሆነ ኮከቡ አምስት ቢሆን እንኳ አያጓጓችሁ። የሚታየው የቁርጠኝነት ነጥብ ሌላ ነገር ነው፤ 17 ቁርጠኝነት ያለው ልጅ በልምምድ ሰነፍ ሊሆን ይችላል።

ጠባይ ግን ይለወጣል። ከ2019 እትም ጀምሮ ያለው ሜንተሪንግ (አንጋፋዎች ታዳጊዎችን የሚቀርጹበት ክፍል) ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ያስቀምጣል፤ ዕድሜና በቡድኑ ውስጥ ተሰሚነት ያላቸው ሌሎቹን ወደ ራሳቸው ጠባይ ይስባሉ። አንድ ታዳጊ ከሁለት ፕሮፌሽናል አንጋፋዎች ጋር ቢደረግ ይበቃል። ልጁ ከዋናው ቡድን ጋር መለማመድ አለበት፤ ጨዋታውን ግን ከ18 ዓመት በታች ቡድን ጋር እንዲያደርግ መፍቀድ ትችላላችሁ። እዚህ ላይ የሚበላሸው፣ ቡድኑን በመጫወቻ ቦታ ብቻ መድበው ተሰሚ ግን ሰነፍ የሆነ አንጋፋ ሲያስገቡበት ነው። እሱም እንዲሁ ያስተምራል።

እስከ 18 ዓመት ገደማ ጥሩ የልምምድ ማዕከልና ጥሩ አሰልጣኝ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ የሚያድገው በሚመጥነው ደረጃ ሲጫወት ነው። እናንተ ጋር ቦታ ከሌለው በውሰት ስጡት፤ ስምምነቱ ላይ ግን ቋሚ ተሰላፊ እንደሚሆን፣ በየትኛው ቦታ እንደሚጫወትና መልሳችሁ ልትጠሩት እንደምትችሉ ይግባ። ሁለት ወር ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ጥሩት።

ወቅታዊ አቋም የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከጨዋታ ዝግጁነት ማነስ ነው። ለሳምንታት ያልተጫወተን ልጅ በትልቅ ጨዋታ ከመጀመሪያው ስታሰልፉት ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል፣ ሞራሉ ይወርዳል፣ ቀጣዩም ጨዋታ ይበላሻል። መጀመሪያ በሁለተኛው ቡድን 60 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በዋናው ቡድን ተቀይሮ ገብቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ቋሚ። በተቃራኒው ደግሞ በሳምንት ሁለት ሙሉ ጨዋታ እየተጫወተ የከረመ ታዳጊ የአካል ብቃቱን የሚያሳየው የልብ ምልክት አረንጓዴ ሆኖም ውስጡ ድካም ሊጠራቀም ይችላል። የሕክምና ማዕከሉ የጉዳት ስጋቱን ከፍተኛ ካለ ልምምዱንም አስቁሙና እረፍት ስጡት። ረጅም ጉዳት በማደጊያ ዕድሜ የሚበላውን ወራት የሚመልስ ነገር የለም።

የግል ልምምድ ላይ ፍጥነትን በለጋነቱ አስቀድሙ፤ አካላዊ ነጥቦች በቶሎ አድገው በቶሎ ይቆማሉ፣ የአእምሮ ነጥቦች ግን ከ30 ዓመት በኋላም ሊጨምሩ ይችላሉ። ደካማ እግርን ማሠልጠን ለጀማሪ ጥሩ ነው። ወደ ጣሪያው ለተጠጋ ተጫዋች ግን አይመከርም፤ ሁለቱን እግር መጠቀም ራሱ ከችሎታው ቁጥር ድርሻ ስለሚወስድ ሌሎች ነጥቦቹ ሊቀንሱ ይችላሉ።

የመስክ ተጫዋች 23 ወይም 24 ዓመት ሞልቶት ነጥቦቹ ለአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ካልተንቀሳቀሱ፣ ኮከቡ ምንም ቢል፣ ጥሩ ዋጋ ሲመጣ ሽጡት። ግብ ጠባቂን ግን ታገሡ፤ ዘግይተው ነው የሚበስሉት።