የማጣበቂያን ጥንካሬ ሳያላቅቁ መፈተሽ

በኮላ፣ በማስቲሽ ወይም በሙቀት በሚጠነክር ማጣበቂያ የተያያዙ ሁለት አካላት ምን ያህል እንደተያያዙ በቁጥር የሚታወቀው ተስበው ሲላቀቁ ነው፤ የተላቀቀው ዕቃ ግን ከዚያ በኋላ ለአገልግሎት አይውልም። ጉዳዩ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ አሽከርካሪ ቅርብ ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 600 ሜትር በሚጠጋው ቁልቁለት ፍሬን ክፉኛ ይግላል፤ የብዙ አነስተኛ መኪኖች የፍሬን ሸራ ደግሞ ከብረቱ ጋር የሚያያዘው በማጣበቂያ ስለሆነ፣ ባለጋራዡ የሚገጥመውን ሸራ ሳይነቅል መመርመር ይኖርበታል።

ቀላሉ ዘዴ ማንኳኳት ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ማሰሮ የሚገዛ ሰው ስንጥቁን በድምፅ እንደሚለይ ሁሉ፣ የአውሮፕላን መርማሪም በትንሽ መዶሻ ወይም በሳንቲም እየመታ ያዳምጣል፤ የተያያዘው ጥርት ያለ፣ የለቀቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። አልትራሳውንድ ይህንኑ በረቀቀ መንገድ ይሠራል፤ የሚልከው የድምፅ ማዕበል የአየር ክፍተት ሲያገኝ ተመልሶ ይንጸባረቃል።

ሁለቱም ግን የሚያገኙት ክፍተትን እንጂ ድክመትን አይደለም። ከመጣበቁ በፊት ቅባት ወይም አቧራ የነካው ገጽ ከማጣበቂያው ጋር ያለ ክፍተት ተነካክቶ ሊቀመጥ፣ ነገር ግን አንዳች ኃይል ላይሸከም ይችላል። እንዲህ ያለው መጋጠሚያ ሲንኳኳ ጤነኛ ይመስላል፤ የዘርፉ ትልቁ ራስ ምታትም ይኸው ነው። ለአውሮፕላን አካላት የተሠራ የሌዘር ዘዴ ኃይለኛ ምት ልኮ፣ ከጀርባ ገጽ ተመልሶ በሚመጣው የመሳብ ማዕበል ደካማውን መጋጠሚያ ይከፍታል፤ ጠንካራውን አይነካም። መሣሪያው ውድ በመሆኑ ከጋራዥ ደጃፍ የሚደርስ አይደለም። ሌላው አማራጭ፣ መጋጠሚያው በአገልግሎት ላይ ሊገጥመው የሚችለውን ትልቁን ጭነት አሸክሞ ማየት ነው፤ ጭነቱ ከልክ ካለፈ ግን ሙከራው ራሱ ጉዳት ይጀምራል።

ስለዚህ ጥንቃቄው ከማጣበቅ በፊት ይጀምራል። በተጠረገ ብረት ላይ ውሃ ሲፈስ ሳይቆራረጥ ከተንጣለለ ገጹ ንጹሕ ነው፤ ተሰብስቦ ካንጠባጠበ ቅባት አለበት፤ ገጹም ከመቀባቱ በፊት እንደገና መድረቅ ይኖርበታል። ከዋናው ሥራ ጋር በአንድ ማጣበቂያና በአንድ ሙቀት የተዘጋጀ ናሙና ደግሞ ተስቦ እንዲሰበር ይደረጋል። ማጣበቂያው በሁለቱም ገጽ ላይ ቀርቶ መሐሉ ላይ ከተቀደደ አያያዙ ጥሩ ነው፤ ከአንዱ ገጽ ተልጦ ከወጣ ግን ጽዳቱ ጎድሎ ነበር። ሆኖም ናሙናው በዋናው ሸራ ላይ ብቻ ያረፈን የቅባታም እጅ አሻራ አያሳይም።